ያልመለስኩት ማር

በጋይንትም ሆነ በስማዳ ስለ እሳቸው ደግነት ሲወራ፣ ወሬው ሊያልቅ ሲል አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ከማሩ በቀር» ሳይል አይቀርም። «እንዲያ ያለ ገዥ አላየንም፣ ከማሩ በቀር።» ሌላው ራሱን ይነቀንቅና «ምን ይደረግ፣ እሳቸውም ሰው ናቸው» ይላል። ይህን በለቅሶ ቤት ሰምቻለሁ፣ በማኅበር ሰምቻለሁ፣ ወገዳ ገበያ ጨው ስገዛ ከጀርባዬ ሰምቻለሁ። በሰማሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እንዲያ ከሆነ ከኔ አፍ የጸዳ አፍ በአገሩ የለም።

ስማቸውን አልጽፍም። አንደኛ ነገር ስማቸውን የመጥራት ወግ የለኝም፤ ሁለተኛ የአገሩ ሰው ማን እንደሆኑ ያውቃል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ንፋስ መውጫ ላይ ተቀምጠው አውራጃውን የገዙ፣ ትውልዳቸው እስቴ የሆነ ፊታውራሪ ነበሩ። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ስማር ቆይቼ፣ ድምፄ ስለከዳኝ ሳላስመሰክር ወጣሁ። እጄ ግን አልከዳኝም። ቁም ጽሕፈቴን ያየ ሁሉ «ይህ የማን እጅ ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ፊታውራሪውም ጠይቀው ነው ያስጠሩኝ፤ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ይቀረኝ ነበር።

ሥራዬን በያዝኩ በሳምንቱ አገሩን ያነጋገረ ነገር አደረጉ። ገዥ ሲዘዋወር ያረፈበት አገር ድርጎ ያቀርባል፤ እንጀራውን፣ ጠላውን፣ በጉን፣ የበቅሎውን ገብስ ጭምር። ድሃው ለልጆቹ ያስቀመጠውን ያወጣል። እሳቸው ግን ስንቃቸውን በስልቻ አስይዘው ተነሡ። ባረፉበት ሁሉ በሷቸውን በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ፤ ሰው መሶብ ይዞ ሲመጣ «ጠግቤያለሁ፣ ለልጆቹ አድርጉት» ብለው ይመልሳሉ። የመንደሩ ባለጸጎች ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት። ድሆቹ ግን ፊታውራሪው እንደሚመጡ ሲሰሙ መሸሽ ተዉ።

ከዚያ የችሎቱን ሥርዓት ለወጡት። ችሎቱ ፊት እጅ መንሻ ይዞ የመጣ ሰው ወደ ኋላ ይቆማል፤ ባዶ እጁን የመጣ ቀድሞ ይናገራል። ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ሰው ግራ ተጋባ። አንድ ባለርስት ሦስት ሙክት አስነድቶ መጥቶ፣ አንዲት ባዶ እጇን የመጣች ባልቴት ቀድማው ስትገባ አይቶ፣ ሲረፍድ በጎቹን ወደ ቤት አስመለሰና መዳፎቹን ዘርግቶ ለዘበኛው አሳየ። ሌላው ደግሞ ዶሮ በጋቢው ሥር ደብቆ ገብቶ ነገሩን ሲያስረዳ ዶሮዋ ጮኸች። ፊታውራሪው ሳይስቁ «እሷ ቀድማ ጀምራለችና ትጨርስ» አሉ። ሰውየው ስማዳ እስኪገባ ድረስ ተሳቀበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

በጋ በሆነ ጊዜ በየወሩ በቅሏቸውን ጭነው ወገዳ ይወርዱ ነበር። የስማዳ ሰው ለአንድ ክስ ሁለት ቀን ዳገት ወጥቶ ንፋስ መውጫ እንዳይንገላታ ብለው ነው። በገበያው ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ የመዝገቡን ሣጥን እንደ ጠረጴዛ አድርጌ እጽፋለሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ አንድ ወዳጃቸው ሲቀልድባቸው ሰምቻለሁ። እሳቸውም «የበላም መቆጨቱ አይቀርም፤ በባዶ ሆድ መቆጨት ለእንቅልፍ ይሻላል» አሉት። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ቁም ነገሩንም ቀልዱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገሩት።

አባቴ ከወገዳ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለው ቀበሌያችን ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ ከሁሉ በላይ ግን በንቦቻቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ማራቸው ነጭ ነው፤ ማንም እንደሳቸው ያለ ማር አይቆርጥም ይባል ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ትሕትናቸው ሁሉ ማሩ ጋ ሲደርስ ያልቃል። በጠላት ዘመን ብዙ ነገር ተዘበራርቆ ስለነበር፣ ከጎረቤታችን ጋር በአንዲት እርሻ ወሰን ይካሰሱ ነበር። ነገሩ ወደ ፊታውራሪው ችሎት ሊቀርብ ሲል፣ ኅዳር ላይ፣ አባቴ አንድ እንስራ ማር በአህያ ጭነው ንፋስ መውጫ ቤቴ ድረስ መጡ።

ፊታውራሪው እጅ መንሻ እንደማይቀበሉ ነገርኳቸው። ያውቁታል፤ አገር ያወቀው ነገር ነው። «እሱ ለሌላው ነው» አሉኝ። ጌታ ፊት ባዶ እጅ መቅረብ ብልግና እንደሆነ፣ አባታቸውም አያታቸውም እንዲያ ሆነው እንደማያውቁ፣ ደግሞም ይህ የነገር ማር ሳይሆን ልጃቸውን በሥራቸው ስላኖሩላቸው የምስጋና ማር እንደሆነ ነገሩኝ። ገብስ ለአጨዳ ስለደረሰ ማደሩን እንኳ እንደ ነገሩ አድረው፣ እንስራውን ለኔ ትተው በማለዳ ወረዱ።

በነጋታው አስይዤ ወደ ፊታውራሪው ቤት ወሰድኩት። ብቻቸውን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያስያዝኩትን ሰው አሰናብቼ እንስራውን እግራቸው ሥር አኖርኩና የማን እንደሆነ ተናገርኩ። ማሩን ሳይሆን እኔን ሲያዩ ቆዩ።

«አባትህ ነገር አለባቸው አይደል?»

አለባቸው አልኩ፤ በወሰን።

«እንግዲያ መልስላቸው። በዘበኛ አልልከውም፣ ያዝኑብኛል። አንተ ራስህ ውሰድና ጉልበታቸውን ስመህ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ቤታቸው መጥቼ እቀምሳለሁ ብሏል በልልኝ።»

ከዚህ የበለጠ ምን አክብሮት አለ? ቃሉን እንዳለ ይዤ ብሄድ አባቴ ባላዘኑም ነበር። ዛሬ እንዲህ እላለሁ። ያን ጊዜ ግን እንስራውን ወደ ቤቴ አስመልሼ ከጓዳው ጥግ አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው የወገዳ ጉዞ እወስደዋለሁ ብዬ ነበር፤ ጉዞው ሲደርስ የመዝገቡ ሣጥን በቅሎዋን ሞልቶ ነበርና ተውኩት። ምክንያቱ ይኸው ነው። ምክንያት ለፈለገ ሰው በቅሎ ሁልጊዜ ሙሉ ናት።

ወገዳ ስንደርስ አባቴ ከሽማግሌዎች ጋር ዋርካው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ገና ሳልስማቸው «ተቀበሉልኝ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ጸጥ አሉ። አባቴ ለእነሱ አስቀድመው ነግረዋቸው እንደነበር ወዲያው ገባኝ። በኛ አገር የሽማግሌን እጅ መንሻ መመለስ ሰውየውን ራሱን ከደጅ መመለስ ነው፤ ያውም በእኩዮቹ ፊት። የአባቴን ዓይን አየሁ፣ የሽማግሌዎቹን ዓይን አየሁ፣ ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረ።

«ተቀብለዋል አባባ። ደስም ብሏቸዋል። መርቀውዎታል።»

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብቻ አሉ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ እኔም ደስ አለኝ። ይህን መካድ አልችልም፤ ስዋሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

የወሰኑ ነገር በዚያው ቀን ታየ። ቦታውን ከጥንት የሚያውቁ ሽማግሌዎች ምለው ወሰኑን በእግራቸው ሄደው አሳዩ፤ ጎረቤታችን የሚያቀርበው ምስክር አልነበረውም። ፊታውራሪው ሽማግሌዎቹ ያሉትን አጸደቁ፣ እኔ ጻፍኩ። ጎረቤታችን እጅ ነሥቶ ፍርዱን ተቀበለ። ፍርዱ ንጹሕ ነበር። ማሩ ንፋስ መውጫ፣ ጓዳዬ ውስጥ ነበር።

ክረምት ሲገባ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን፣ ሴት ልጅ፣ ወለደች። ሰማንያው ቀን ሲቃረብ የክርስትና ድግስ ተነሣ። ባለቤቴ እንስራውን ከጥጉ አውጥታ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለኛ ነው፣ አባቴ ናቸው የላኩልን አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ጠጁን ጣለችው። አባቴ ወንዙ ሞልቶ ለድግሱ መውጣት አልቻሉም፤ እሰይ ብዬ ነበር በልቤ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ቢጎነጩ ማሩን ያውቁት ነበር። ፊታውራሪው ግን አክብረውኝ መጡ። የመለሱትን ማር በብርሌ በገዛ እጄ ቀዳሁላቸው። አንድ ብርሌ ጠጥተው «እጇ ይባረክ» ብለው ባለቤቴን አመሰገኑ። እሷም እስክትሞት ድረስ ያንን ምስጋና ታወራው ነበር።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። አዲሱ ዓመት ገብቶ ጥቅምት ላይ አባቴ በማኅበር ጠላ ጠጥተው ሞቅ ሲላቸው፣ ያን ሁሉ ሙክትና ፍሪዳ የመለሱ ጌታ የሳቸውን ማር ብቻ እንደተቀበሉ ተናገሩ። ጉቦ ሰጠሁ ማለታቸው አልነበረም። ማዕረግ ማውራታቸው ነበር። ጎረቤታችን ግን እዚያው ተቀምጦ ነበር። ማሩን ሰማ፣ ወሰኑን አሰበ፣ ሁለቱን አገናኘ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንዲያው ነበር የማስበው። የድርጎውን መቅረት እንደ ንቀት የቆጠሩት ባለጸጎች ደግሞ ነገር ሲፈልጉ ከርመው ነበርና ይዘውት ጎንደር ሄዱ።

መርማሪ መጣ። ከሱ ጋር የመጣው ክስ ረጅም ነበር፤ ፊታውራሪው ሕዝቡን በመኳንንቱ ላይ ያነሣሣሉ፣ ወግ ያፈርሳሉ፣ ፍርድ ይሸጣሉ የሚል። ሦስት ቀን ምስክር ተሰማ። ከስማዳ ገደል ለገደል ወጥተው የመጡ ሰዎች ግቢውን ሞሉት፤ ገና ከበር ሲገቡ መዳፋቸውን ዘርግተው ለመርማሪው ያሳያሉ። መርማሪው በመጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ኋላ ሲነገረው ፊቱን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ክሱ አንድ በአንድ ወደቀ። ማሩ ብቻ ቀረ።

የመርማሪው ጸሐፊ በመጣ በሁለተኛው ቀን በንዳድ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሲጠሩ ገቡ፤ ከመንገዱ ድካም የተነሣ ዱላቸውን ተደግፈው ነበር። ቄሱ መስቀል አስጨበጧቸው። አባቴ ሳያመነቱ ተናገሩ፤ አዎ፣ አንድ እንስራ ማር ሰጥቻለሁ፣ በደስታ ነው የሰጠሁት፣ ፍርዱን ግን ሽማግሌዎች ናቸው የጨረሱት፣ ጌታዬ ለኔ አላደሉም። መርማሪው ከዚህ ሁሉ የፈለገው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። በማን እጅ እንደሰጡ ጠየቃቸው።

«በልጄ እጅ» አሉ አባቴ። «ይኸው የሚጽፈው።»

አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ፊታውራሪው ግን አልዞሩም፤ ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር። የንፋስ መውጫ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ትዝ ይለኛል። መርማሪው እውነት መሆኑን ጠየቀኝ። ቄሱ መስቀሉን ወደኔ አመጡ፣ ጨበጥኩት።

«ማሩን ከአባቴ ተቀብዬ ከፊታቸው አቅርቤያለሁ» አልኩ።

አንዲትም ሐሰት የለባትም። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ «መለሱልኝ» የምትል። ጠበቅኩ፤ መርማሪው «ከዚያስ?» ቢለኝ እናገራለሁ ብዬ ነበር። አላለኝም። የሚፈልገውን አግኝቷል፣ ለምን ይጠይቅ? ብዙ ዓመት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት፣ ዝም ያልኩት ለአባቴ ክብር ነው የሚል ነው። ውሸት ነው። አባቴ ትዝ ያሉኝ ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የታየኝ ሥራዬ ነበር፣ ቤቴ ነበር፣ የጠጣነው ጠጅ ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዝም በማለቴም እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

መርማሪው ወደ ፊታውራሪው ዞሮ ምን እንደሚሉ ጠየቃቸው። ያን ጊዜ ከመስኮቱ ዞሩ። በመጀመሪያ አባቴን አዩ፤ አባቴ ገና መስቀሉ አጠገብ ቆመው ነበር። ከዚያ እኔን አዩ። አስተያየታቸው የቁጣ አልነበረም። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ የገባው ሰው አስተያየት ነበር።

«ሽማግሌው አልዋሹም» አሉ።

ተቀብለዋል ማለት ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሽማግሌው እንዳሉት ይጻፍ አሉ። መርማሪው ጻፍ አለኝ። «ተቀብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደዚያች መስመር ቀጥ ያለች ጽሕፈት የለችኝም።

መሻራቸው በወሩ ውስጥ ተነገረ። ዕቃቸውን ሲያስጭኑ አስጠሩኝ። ያስፈርዱብኛል፣ ይተፉብኛል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ቢተፉብኝ ይቀለኝ ነበር። ማሩ የት ደረሰ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የወገዳውን ቃሌን፣ የባለቤቴን ጥያቄ፣ ክርስትናውን። «ብርሌው ውስጥ የቀዳሁልዎ እሱ ነው» ስል ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ሳቁ።

«እንግዲያ ቀምሼዋለሁ» አሉ።

መርማሪውን ተከትዬ ጎንደር ልሂድ፣ ቃሌን ላቃና አልኳቸው። ይህንንም እንደ ጀግንነት እንዳትቆጥሩልኝ፤ እምቢ እንደሚሉ እያወቅኩ ነው ያልኩት። አነሡኝና እንዲህ አሉኝ፤

«አባትህ መስቀል ጨብጠው ምለዋል። አንተ ቃልህን ብታቃና እሳቸው በሐሰት የማሉ ሽማግሌ ሊሆኑ ነው። ከኔ የሚሄደው ሹመት ነው፤ እሱ ቀድሞም መሄዱ አይቀርም ነበር። ተወው።»

ወደ እስቴ የሄዱት በስማዳ በኩል ነው፤ የወገዳን ሰው ሳይሰናበቱ ማለፍ አልፈለጉም። እስከዚያ ሸኘኋቸው። ገበያው ዳር ሕዝቡ ቆሞ ነበር፤ ሴቶቹ እንደ ሞተ ሰው ያለቅሱላቸው ነበር። ከሕዝቡ መሐል አባቴ ወጡ። ራሳቸውን ገልጠው፣ ጋቢያቸውን አሸርጠው፣ በማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመው ነበር። በኛ አገር ይቅርታ ለማኝ እንዲያ ነው የሚቀርበው። ያኔ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በድንጋዩ ክብደት ጎንበስ ብለው መጥተው ከበቅሎዋ ፊት ተንበረከኩ።

«በኔ ማር ተሻሩ ጌታዬ» አሉ። «ባላመጣሁት ኖሮ። ይቅር ይበሉኝ።»

ፊታውራሪው ከበቅሏቸው ወረዱ። ማንም ሳያግዛቸው ድንጋዩን ከአባቴ ማጅራት አንሥተው መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ አባቴን በሁለት እጃቸው ደግፈው አቆሟቸው።

«አባቴ፣ ማርዎን ቀምሼዋለሁ» አሉ፣ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንደሱ ያለ ማር በዕድሜዬ አልቀመስኩም። ስላበሉኝ ይቅርታ አይጠየቅም። እግዜር ይስጥልኝ።»

አባቴ ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲያጎነብሱ እሳቸው ቀድመው ትከሻቸውን ሳሟቸው። እኔ ልጓሙን ይዤ ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ ነበር። ያ ድንጋይ የኔ ነበር። ያን ጊዜ ከመሬት አንሥቼ ማጅራቴ ላይ ባኖረው፣ ሁሉም ነገር ባንድ አፍታ ይገለጥ ነበር። ልጓሙን ይዤ ቆምኩ። ፊታውራሪው ተመልሰው ሲወጡ እርካቡን ያዝኩላቸው፣ ሄዱ፣ ዳግመኛም አላየኋቸውም። እስቴ ሳሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፉ ሲባል ሰማሁ። ለቅሷቸው አልሄድኩም።

ቀጥሎ የመጣው ገዥ በመጀመሪያው ሳምንት ከግቢው በር አጠገብ ካስማ አስተከለ፤ የበግ ማሰሪያ ነው። መዳፉን ዘርግቶ የመጣ ሰው ሲመሽ ሳይሰማ ይመለስ ጀመር። ስማዳ ወርዶ የሚዳኝም አልነበረም። እኔ በቦታዬ ቀረሁ። ከሳቸው በኋላ ለአራት ገዥ ጽፌያለሁ። ጠዋት ጠዋት በካስማው አጠገብ ሳልፍ በጎቹ ያዩኛል፤ እኔ አላያቸውም። ከዋርካው ሥር ያለው ድንጋይ ግን አሁንም አለ። ገበያተኛ ሁሉ ባለበት አንድም ሰው አይቀመጥበትም፤ ማንም አትቀመጡ አላለም።

አባቴ ሲያርፉ አጠገባቸው ነበርኩ። ነፍስ አባታቸው ከወጡ በኋላ እጄን ይዘው የተናገሩት ስለ ርስትም ስለ ከብትም አልነበረም። «ሁሉን ሲመልሱ እኔን ብቻ አልመለሱኝም» አሉኝ። «አንተ ምስክሬ ነህ።» አዎ አባባ አልኩ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። በተዝካራቸው ላይ ይኸው ነገር ተነሥቶ፣ ሰዎች ደግ ገዥ አንድ ጊዜ ቢሳሳቱ ለኛ ቤት ማር ነው ብለው ሲያወድሱን፣ ዘመዶቼ ቀና ቀና አሉ። የቤታችን ክብር ሆኖ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የኔው እያደር ነው የደፈረሰው።

ያቺ በጠጁ ክርስትና የተነሣች ልጄ ንፋስ መውጫ ተማሪ ቤት ትማር በነበረ ጊዜ፣ አንድ ቀን ደብተሯን እንደያዘች ከፊቴ ቆመች። ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቀዋት፣ የማሩ ሰውዬ የልጅ ልጅ መሆኗን ነግረዋት ነው የመጣችው። የአያቷን ማር በልተው ነው ወይ ፊታውራሪው የተሻሩት ብላ ጠየቀችኝ።

«እንዲያ ይባላል» አልኳት።

አሰበች። ልጄ ነገር ስታስብ ግንባሯን ትቋጥራለች።

«ታዲያ ያን ያህል ደግ ከሆኑ፣ ለምን ማሩን መልሱ አላሉም?»

ብዕሬን ስፈልግ ቆየሁ። ከጆሮዬ ላይ ነበር። ልጄም ወደ እናቷ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም። እሷም ለልጆቿ «ከማሩ በቀር» እያለች ስታወራላቸው ሰምቻለሁ።

አሁን ከአባቴም ከፊታውራሪውም ከባለቤቴም ወዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ። አባቴ በሐሰት አልማሉም፤ ያመኑትን ነው የማሉት፣ ያሳመንኳቸውም እኔ ነኝ። ያ የምርመራ መዝገብ ምስጥ ካልበላው አንድ ቦታ ይኖራል፤ ያየው ሰው «ይህ የማን እጅ ነው?» ሳይል አይቀርም። ይህን ጽሑፍ ደግሞ መጀመሪያ የምታነበው ልጄ ናት። ዛሬ በእርጅና መስመሬ ይጣመማል፤ ቢሆንም ያን ቀን የቆረጥኩትን ቃሌን እጨርሰዋለሁ። ማሩን ከአባቴ ተቀብዬ ከፊታቸው አቅርቤያለሁ። መልስላቸው ብለው ሰጡኝ። እኔ አልመለስኩም።